ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለኦርጋኒክ ሲንተሲስ፦ ለእናንተ ላብራቶሪ (ላብ) የሚሆነው መንገድ የቱ ነው?

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ርካሽ ነው። አይቃጠልም። መርዝነቱም ከካርቦን ሞኖክሳይድ ወይም ከፎስጂን ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ የጀመረ ብዙ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ተማሪ «ይህን ጋዝ ወደ ጠቃሚ ሞለኪውል ልቀይረው» ብሎ ይነሳል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን መንገዱ አንድ አይደለም፤ የምርምር ጽሑፎቹም የምርት መጠናቸውን በመቶኛ ያሳያሉ እንጂ መንገዱ ለማን እንደሚሆንና ለማን እንደማይሆን ብዙም አይናገሩም።

እዚህ አራት ዋና ዋና መንገዶችን አወዳድራለሁ፦ ከኢፖክሳይድ (ኦክስጅን ካለበት ባለ ሦስት አቶም ቀለበት) ጋር ማጣመር፣ ካርቦክሲሊክ አሲድ መሥራት፣ በሃይድሮጅን መቀነስ (ሪዳክሽን) እና ከአሚን (ከአሞኒያ ከሚወጣ የናይትሮጅን ውህድ) ጋር ማጣመር። ሁሉንም እኩል አልወዳቸውም። የማደላበትን ምክንያት እየነገርኳችሁ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ

ካርቦን ዳይኦክሳይድ የካርቦን አመድ ነው። አንድ ሞል ካርቦን ነዶ ወደ እሱ ሲቀየር 394 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይለቃል። ነዶ ያለቀውን መልሶ ወደ ሥራ ለማስገባት ሌላ ኃይል ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ካታሊስት ይህን ኃይል አይሰጥም። ካታሊስት መሰናክሉን ዝቅ ያደርጋል፣ ሪአክሽኑን ያፈጥናል፣ ከብዙ ምርቶች አንዱን ይመርጣል። ኃይሉ ግን ከሌላው ተሳታፊ መምጣት አለበት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የቱ ካታሊስት ይሻላል?» አይደለም። «ኃይሉን የሚያመጣው ማነው?» ነው። ከኢፖክሳይድ ጋር ከሆነ የተወጠረው ቀለበት ያመጣዋል። በኒኬል ካርቦክሲሌሽን (ካርቦክሲሊክ አሲድ ሲሠራ) የማንጋኒዝ ወይም የዚንክ ዱቄት ያመጣዋል። በሜታኖል ሃይድሮጅኑ፣ ከአሚን በሚሠራው ፎርማሚድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሲሌን (ሲሊኮን ላይ ሃይድሮጅን ያለበት ውህድ) ነው። የምትከፍሉት ገንዘብም የምትጥሉት ቆሻሻም ከዚህ ይነሳል።

ጥቂት ሪአክሽኖች ይህን ያህል እርዳታ አይጠይቁም። ገበሬዎቻችን ማሳ ላይ የሚበትኑት ዩሪያ ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራ ነው። በኢንዱስትሪ የተጀመረው በ1922 ሲሆን ካታሊስት እንኳ አይፈልግም፤ ሙቀትና ከፍተኛ ግፊት ይበቃዋል። ለአስፕሪን የሚሆነው ሳሊሲሊክ አሲድም እንዲሁ ነው። ደረቅ ሶዲየም ፌኖክሳይድ በ125 ዲግሪ ገደማ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር በግፊት ይሞቃል። ኮልበ የጀመረውን ይህን ዘዴ ሽሚት በ1885 አሻሻለው። ሶዲየሙን በፖታሲየም ብትቀይሩት አሲዱ በአብዛኛው ፓራ ቦታ ላይ ይገባል። እነዚህን እንደ መነሻ ያዟቸው።

ለጀማሪ፦ ኢፖክሳይድ

አንድ ዓመት ብቻ ላለው የማስተርስ ተማሪ፣ ግላቭ ቦክስ (ያለ አየር የሚሠራበት ዝግ ሳጥን) ለሌለው ላብ፣ ምክሬ ያለ ማመንታት ይህ ነው። ኢፖክሳይድ ባለ ሦስት አቶም የተወጠረ ቀለበት ነው። ሲከፈት የሚለቀው ኃይል ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለማስገባት ይበቃል። ምርቱ ባለ አምስት አቶም ሳይክሊክ ካርቦኔት ነው። የገባው አቶም ሁሉ ምርቱ ውስጥ ይቀራል። የሚጣል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ፕሮፒሊን ካርቦኔትን ብትመዝኑ ከክብደቱ 43 በመቶው የመጣው ከጋዙ ነው። በኢትሊን ካርቦኔት ደግሞ ግማሹ። ይህ የሊቲየም ባትሪ ኤሌክትሮላይት ውስጥ የሚገባ ኬሚካል ስለሆነ ገበያውም እውነተኛ ነው።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ሃላይድ፣ ማለትም ብሮማይድ ወይም አዮዳይድ፣ ቀለበቱን ይከፍታል። የተፈጠረው አልኮክሳይድ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይይዛል። ከዚያ ኦክስጅኑ ዞሮ ሃላይዱን ያስወጣና ቀለበቱ ይዘጋል። ሃላይዱ ነጻ ወጥቶ ሌላ ዙር ይጀምራል።

ካታሊስት ለመምረጥ ሦስት ደረጃ አስቡ። ቴትራቡቲልአሞኒየም ብሮማይድ ብቻውን ይሠራል። ርካሽ ነው፣ ጥቂት እርጥበት አይገድለውም፣ ግን 100 ዲግሪ አካባቢና የተወሰነ ግፊት ይወዳል። ዚንክ ብሮማይድ የመሰለ ሉዊስ አሲድ ብትጨምሩበት ሙቀቱን መቀነስ ትችላላችሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ ሊጋንድ (ብረቱን የሚይዝ ሞለኪውል) ያላቸው የብረት (ሜታል) ኮምፕሌክሶች አሉ። ማይክል ኖርዝና ባልደረቦቹ በ2007 ያወጡት ባለ ሁለት አሉሚኒየም የሳሌን ኮምፕሌክስ ከዚሁ ብሮማይድ ጋር ሆኖ በክፍል ሙቀትና በአንድ አትሞስፌር ይሠራል። ሊጋንዱን መሥራት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ኦቶክሌቭ (ከፍተኛ ግፊት የሚችል ዝግ ዕቃ) ካላችሁ መጀመሪያ ላይ አትድከሙበት። የሌላችሁ ከሆነ ግን ሊጋንዱን መሥራት ኦቶክሌቭ ከመግዛት ይረክሳል።

በየትኛው ኢፖክሳይድ ልጀምር ካላችሁ ስታይሪን ኦክሳይድ ወይም ፌኒል ግሊሲዲል ኢተር ውሰዱ። ሁለቱም በቀላሉ አይተኑም። ፕሮፒሊን ኦክሳይድ በ34 ዲግሪ ይፈላል፤ ካንሰር ያመጣል ተብሎም ይፈራል። ኢትሊን ኦክሳይድን ለተማሪ ላብ አልመክርም፤ መርዛማና ፈንጂ ጋዝ ነው። በስታይሪን ኦክሳይድ የኤንኤምአር ክትትሉም ግልጽ ነው። ከ2.8 እስከ 3.9 ፒፒኤም የነበሩት ሦስት ምልክቶች ወደ 4.3፣ 4.8 እና 5.7 አካባቢ ይሸጋገራሉ።

የዚህ መንገድ ድክመት አንድ ነው፤ ብዙ ሰው ሄዶበታል። በቀላል ኢፖክሳይድ ላይ አሁን አንድ ተጨማሪ ካታሊስት ማሳየት ብዙም አያስደንቅም። አዲስነት የሚገኘው ከባዱ ላይ ነው። በሁለቱም በኩል ካርቦን የተያያዘባቸው የውስጥ ኢፖክሳይዶች ቀርፋፋ ናቸው። ከአትክልት ዘይት የሚሠሩት ደግሞ ሁሉም እንዲህ ያሉ ናቸው። የአኩሪ አተር ዘይት ካርቦኔት ኢሶሳያኔት የሌለበት ፖሊዩሪቴን ለመሥራት በሰፊው ተጠንቷል። የኛ ኑግ ዘይት በሊኖሌይክ አሲድ የበለጸገ ስለሆነ በአንድ ሰንሰለት ሁለት ኢፖክሳይድ ሊወጣው ይችላል። አገር ቤት ሆኖ የመመረቂያ ርዕስ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አይታየኝም።

ቀለበት ወይስ ፖሊመር?

ከዚሁ ኢፖክሳይድ ፖሊካርቦኔትም ይወጣል። ጃፓናዊው ሾሄ ኢኖዌና ባልደረቦቹ በ1969 በዳይኢትልዚንክና በውሃ አሳይተውታል። በኋላ የኮርኔሉ ጄፍሪ ኮትስ በዚንክ፣ ዶናልድ ዳረንስቡርግ በክሮሚየም ሳሌን ብዙ ርቀት ወሰዱት።

ምርጫው በአብዛኛው በሙቀትና በሃላይድ ይወሰናል። ሙቀት ከጨመራችሁ ወይም ሃላይድ ከበዛ ቀለበቱ ይበዛል፤ ከሁለቱ ምርቶች የተረጋጋው እሱ ነውና። ሙቀቱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ግፊቱን ከፍ አድርጋችሁ፣ ሰንሰለቱን አጥብቆ የሚይዝ ዚንክ፣ ኮባልት ወይም ክሮሚየም ከተጠቀማችሁ ፖሊመር ታገኛላችሁ። ኢፖክሳይዱም ድምፅ አለው። ሳይክሎሄክሲን ኦክሳይድ ወደ ፖሊመር ያደላል፤ ባለ አምስቱ ቀለበት ከባለ ስድስቱ ጋር ሲጣበቅ ስለሚጨናነቅ። ፕሮፒሊን ኦክሳይድ ወደ ሁለቱም ይሄዳል።

ፖሊመር ከመረጣችሁ ስለ ውሃ አስቡ። ውሃ ሰንሰለት ይጀምራል፤ ስለዚህ ጥቂት እርጥበት ሞለኪውላዊ ክብደቱን ያወርደዋል። ሞለኪውላዊ ክብደቱን የሚለካው የጂፒሲ መሣሪያ ከሌላችሁም ውጤታችሁን መግለጽ ያስቸግራችኋል። ይህን ሳያረጋግጡ መጀመር ዋጋ ያስከፍላል። ኢንዱስትሪው ግን በዚህ አቅጣጫ ሄዷል። ኮቬስትሮ በ2016 በጀርመን ዶርማገን በዓመት 5,000 ቶን ፖሊዮል የሚያመርት ፋብሪካ ከፍቷል። ፖሊዮሉ እስከ 20 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ለፍራሽ ስፖንጅ ይሆናል።

ካርቦክሲሊክ አሲድ ለሚፈልግ

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ፤ አማራጩ ብዙ ነው፣ ስህተቱም እንደዚያው።

ሞለኪውላችሁ ቀላል ከሆነ፣ ማለትም ኬቶን፣ ኤስተር ወይም ናይትራይል ከሌለው፣ ግሪኛር (ካርቦን ከማግኒዥየም ጋር የተያያዘበት ውህድ) ሥሩና ደረቅ በረዶ ላይ አፍስሱት። አበቃ። ካታሊስት አያስፈልግም። ዘመናዊ ስላልሆነ ብቻ ይህን መዝለል ጊዜ ማባከን ነው።

ሞለኪውሉ ውስጥ ኤስተር ካለ ግሪኛር ይበላዋል። ኒኬል ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው። ታሪኩ ረዥም ነው። አሬስታ በ1975 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ኒኬል ላይ ተያይዞ ያለበትን ኮምፕሌክስ በክሪስታል አሳየ። ሆበርግ በ1980ዎቹ ኒኬል፣ ኢትሊንና ጋዙ ገጥመው ቀለበት ሲሠሩ አሳየ። በ2009 ሩቤን ማርቲን አሪል ብሮማይዶችን (ብሮሚን የቤንዚን ዓይነት ቀለበት ላይ ያለባቸውን) በፓላዲየምና በዳይኢትልዚንክ ወደ አሲድ ቀየረ። በ2012 ደግሞ የኪዮቶው ሱጂ ቡድን ርካሾቹን አሪል ክሎራይዶች በኒኬል፣ በማንጋኒዝ ዱቄት፣ በክፍል ሙቀትና በአንድ አትሞስፌር አስተካከለ። ከዚያ ወዲህ ቤንዚል፣ አልኪልና አሊል ሃላይዶች ሁሉ መጥተዋል።

ከሁለቱ ልምረጥ ካላችሁ ኒኬልን ነው የምለው። ዳይኢትልዚንክ አየር ሲነካው ይነዳል፤ የራሱን ኢትል ቡድንም አሪሉ ላይ ሊያያይዝ ይችላል። የማንጋኒዝ ዱቄት ሚዛን ላይ ይቀመጣል። ግን ኒኬሉ ከኦክስጅን በደንብ መጠበቅ አለበት። ግላቭ ቦክስ ወይም ጥሩ የሽሌንክ መስመር (አየርን በቫኪዩምና በአርገን የሚያስወጣ ቧንቧ) ከሌላችሁ ውጤቱ ዛሬ 80 ነገ 10 በመቶ ይሆናል። ዱቄቱም ገጹ ኦክሳይድ ከሸፈነው አይነሳም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ይህን ሥራ «ለአየር ንብረት» ብላችሁ አትጻፉት። 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማሰር ቢያንስ 55 ግራም ማንጋኒዝ ታጠፋላችሁ፤ በተግባር ሁለት ሦስት እጥፍ ይገባል። ያንን ብረት ከማዕድኑ ለማውጣት የሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከምታስሩት ይበልጣል። የመንገዱ ዋጋ ሌላ ነው። ውስብስብ የመድኃኒት ሞለኪውል ላይ መርዛማ ጋዝ ሳትነኩ አሲድ ታስገባላችሁ። ይህ በቂ ምክንያት ነው።

መርዛማውን ጋዝ ካነሳን፣ ፋብሪካ ውስጥ ተመሳሳይ አሲድ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በፓላዲየም፣ በካርቦን ሞኖክሳይድና በውሃ ነው። የብረት ዱቄት አይጠይቅም፣ ጋዙን የሚከታተል ጠቋሚና ጥሩ ሁድ ላለው ሰው የሰከነ ሪአክሽን ነው። ጠቋሚ ለሌለው ላብ ግን አይሞከርም። ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

ተርሚናል አልካይን (ሦስትዮሽ ቦንዱ ጫፉ ላይ ያለ ሞለኪውል) በእጃችሁ ካለ ሌላ በር አለ። የመዳብ ጨው ከሊጋንድ ጋር፣ እንዲሁም ሲዝየም ወይም ፖታሲየም ካርቦኔት ፕሮፒዮሊክ አሲድ ይሰጣሉ። የብረት ዱቄት የለም። ኃይሉን የሚያመጣው ቤዙ ነው፤ አሲዱ ጨው ሆኖ ይረጋጋል። ጥንቃቄው ሙቀት ላይ ነው። ያው መዳብ ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መልሶ ያስወጣዋል። ምርቱ ከቀነሰ ሙቀት ከመጨመር ይልቅ መቀነስን ሞክሩ።

በኤሌክትሪክም ይቻላል። ሃላይዱ ካቶድ ላይ ኤሌክትሮን ይወስዳል፣ ማግኒዥየም አኖድ እየሟሟ አሲዱን ጨው ያደርገዋል። መሣሪያው ርካሽ ነው፤ የኃይል ምንጭና ሁለት ዘንግ። ግን ማግኒዥየሙም ብረት ነው፤ የማንጋኒዙን ሒሳብ ወደሌላ ቦታ ማዞር እንጂ ማስቀረት አይደለም።

ሃይድሮጅን

ፎርሚክ አሲድና ሜታኖል ትልልቅ ርዕሶች ናቸው። ለትንሽ ኦርጋኒክ ላብ ግን ብዙ ጊዜ አልመክራቸውም፤ ሃይድሮጅንን በከፍተኛ ግፊት መያዝ የሠለጠነ ሰውና የተለየ ክፍል ይፈልጋል።

የሚታተሙትን ቁጥሮች ስታነቡም ተጠንቀቁ። የኖዛኪ ቡድን በ2009 ያወጣው የኢሪዲየም ካታሊስት 3.5 ሚሊዮን ዙር ሠርቷል። ድንቅ ነው። የሚወጣው ግን የፎርሚክ አሲድ ጨው ነው፤ ለእያንዳንዱ ሞለኪውል አንድ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይበላል። ቤዝ ከሌለ ሚዛኑ ወደ ኋላ ነው።

በሜታኖል ደግሞ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ለአንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሦስት ሃይድሮጅን ይገባል፣ ከሦስቱ አንዱ ውሃ ሆኖ ይወጣል። ለአንድ ኪሎ ጋዝ 136 ግራም ያህል ሃይድሮጅን ማለት ነው። ሃይድሮጅኑ ከተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ከሆነ በየኪሎው 9 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥቶበታል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ለማሰር 1.2 ኪሎ ትለቃላችሁ። ትርጉም የሚኖረው ሃይድሮጅኑ ከንጹሕ መብራት ሲመጣ ነው። አይስላንድ በስቫርትሴንጊ በ2012 ሥራ የጀመረው በጆርጅ ኦላ ስም የተሰየመው ፋብሪካ የተሳካለት የከርሰ ምድር እንፋሎት አጠገቡ ስለነበረ ነው።

ከአሚን ጋር

አሚን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሲሌን ሲገናኙ ፎርማሚድ ይሰጣሉ፤ ሁኔታው ሲጠነክር ደግሞ ናይትሮጅኑ ላይ ሜቲል ይገባል። ካንታ በ2012 ቲቢዲ በሚባለው ኦርጋኒክ ቤዝ፣ ያለ ምንም ብረት፣ ፎርማሚዱን አሳየ። በ2013 የቤለርና የካንታ ቡድኖች በየፊናቸው ሜቲሌሽኑን አወጡ።

ኦቶክሌቭ የሌለው ግን አዲስ ነገር የሚፈልግ ሰው ይህን ይውሰድ። ፌኒልሲሌን ፈጣን ነው፣ ውድ ነው። ፒኤምኤችኤስ የሚባለው ፖሊመር የሲሊኮን ኢንዱስትሪ ትርፍ ስለሆነ ርካሽ ነው፤ ቀርፋፋ ነው፣ መጨረሻ ላይም ጄል ሆኖ ማጽዳቱን ያከብዳል። ሁለቱም ቤዝና እርጥበት ሲያገኙ ሃይድሮጅን ይለቃሉ። ስለዚህ ዕቃውን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉት። ጋዙን እንዳስገባችሁ ነጭ ጠጣር ቢታያችሁ አትደንግጡ። አሚኑ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጋር የሠራው ካርባሜት ነው፤ ሲሞቅ ይመለሳል።

ስለ ጋዙ

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ውስጥ ፈሳሽ ነው። በ20 ዲግሪ ግፊቱ 57 ባር ገደማ ሆኖ ፈሳሹ እስኪያልቅ አይወርድም። የቀረውን ማወቅ የምትችሉት በመመዘን ብቻ ነው። ጥሩ ጎኑ፣ መጭመቂያ ሳይኖራችሁ እስከ 50 ባር አካባቢ በቀጥታ መሥራት ትችላላችሁ። ለለስላሳ መጠጥ የሚሸጠው ጋዝ ለኢፖክሳይድ ይበቃል። ለኒኬል ግን በሞለኪውላር ሲቭ አድርቁት፣ ኦክስጅኑንም አስቡበት።

አዲስ አበባ ለሚሠራ ሰው ሌላ ነገር አለ። ጽሑፉ «አንድ አትሞስፌር፣ በፊኛ» ሲል የባሕር ጠለል ማለቱ ነው። በ2,350 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ 0.76 አትሞስፌር አካባቢ ነው። ፊኛችሁ ውስጥ ያለው ጋዝም ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ውጤታችሁ ከታተመው ዝቅ ቢል፣ ካታሊስቱን ከመውቀሳችሁ በፊት በሁለት ወይም በሦስት ባር ደግማችሁ ሞክሩት።

ደረቅ በረዶን በተዘጋ ዕቃ አታስቀምጡ፤ ይፈነዳል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ባለና ባልተናፈሰ ክፍል ይጠራቀማል። መስኮት ክፈቱ።

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ አንድ ማረጋገጫ አትዝለሉ። ካርቦኑ በእርግጥ የመጣው ከጋዙ ነው? ማሟሚያችሁ ዲኤምኤፍ ከሆነ ፎርሚል ቡድኑ ከእሱ ሊመጣ ይችላል። ቤዛችሁ ካርቦኔት ከሆነም እሱ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ያንኑ ሪአክሽን በአርገን ሥር አንድ ጊዜ፣ ያለ ካታሊስት ደግሞ አንድ ጊዜ ሥሩት። ሁለቱም ባዶ ከወጡ በኋላ በካርቦን 13 ምልክት የተደረገበት ጋዝ እዘዙ። ውድ ስለሆነ አስቀድማችሁ አትዘዙት።